ድዳው ደወል

ፕሮፌሰሩ ፈሳሽ ናይትሮጅን በሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል ውስጥ በጀርባቸው ተንጋለው ተገኙ። ቁስል የለ፣ ደም የለ። ከቧንቧው ያፈተለከው ናይትሮጅን ተንኖ አየሩን አስወጥቶታል። ማራገቢያው ጠፍቷል፤ በሩ ተዘግቷል። ባለፈው ሳምንት የምርምር ውጤታቸው ስሕተት ሆኖ በጉባኤ ፊት ተዋርደው ነበርና፣ ወሬው ከአስከሬኑ ቀድሞ ሰፈር ገባ። «ራሱን አጠፋ» ተባለ። ሚስታቸው ከዚያ ወዲህ መስኮት እንኳ አልከፈቱም።

«ልጄ፣ ገደሉትም በይኝ፣ አደጋ ነውም በይኝ፤ ብቻ እውነቱን አምጪልኝ» አሏት መርማሪዋን። «ከኀዘኑ እኩል እፍረቱ ገደለኝ።»

መርማሪዋ ምላጭ የሚል ቅጽል ስም ወጥቶላታል፤ እሷም ስሙን አትጠላውም። በቤተ ሙከራው ከሟች ጋር የሚሠሩት ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ረዳታቸው፣ ቴክኒሻኑና የገዛ ሴት ልጃቸው።

«ማራገቢያውን ማን አጠፋው?»

«እኔ ነኝ» አለ ቴክኒሻኑ። «ንዝረቱ ልኬት ያበላሻል ብለው እሳቸው አዘውኝ። በሩ እንደሆነ በራሱ ነው የሚዘጋው። ግን እኮ ሁላችንም ደረታችን ላይ ደወል አለን፤ ኦክስጅን ሲያንስ ይጮኻል።»

«የእሳቸው ምነው ዝም አለ?»

«ተበላሽቷል። በሞቱበት ዕለት ጠዋት ግን ደህና ነበር! ስንገባ ሁላችንም ቁልፉን ተጭነን እንሞክረዋለን። እሳቸውማ ጆሮዬ ሥር አስጩኸውት ‹ነቃህ?› ብለው ሳቁብኝ።» ትንሽ አሰበ። «ብቻ... አራት ሰው ገብተን ሦስት ጩኸት ነው የሰማሁት። የማን እንደቀረ ልብ አላልኩም።»

የሟች ደወል መብራት ላይ ፕላስተር ተለጥፎበታል። «ደወሉ ደህና ሲሆን መብራቱ ሁሌ ብልጭ ይላል፤ ብልጭታው ዓይናቸውን ስለሚረብሻቸው ነው» አለ ረዳቱ።

«ለመሆኑ ሥራችሁ ምንድን ነው?»

«የአቶም አስኳሎችን ማጋጨት። ሁለቱ ፊት ለፊት ሳይላተሙ፣ ትከሻ ለትከሻ ተነካክተው ሲተላለፉ፣ አንዱ ለሌላው ፕሮቶን ወይም ኒውትሮን ያቀብላል። ርክክቡን ማንም አያየውም። እኛ የምናየው ማን ምን ሆኖ እንደወጣ ነው። አንዱ ላይ ሁለት ከጎደለ፣ ሌላው ላይ ሁለት ይገኛል። ድምሩ አይነቃነቅም።»

መርማሪዋ ፈገግ አለች። በማግስቱ ሁሉንም በስብሰባ ክፍሉ ሰበሰበች፤ ሚስትየውም መጡ። ሦስቱም ደወላቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። በየተራ ተጫነቻቸው። ሦስቱም ጮኹ።

«የዚያን ዕለት ጠዋት ከአራቱ አንዱ ድዳ ነበር» አለች። «አሁንም ድዳው አንድ ነው፤ እሱም ሟች ደረት ላይ ተገኘ። የእሳቸው ግን ጠዋት ጮኋል። ስለዚህ ድምሩ አልተነቃነቀም፤ ድዳው ነው እጅ የለወጠው። ደግሞስ ሊሞት የገባ ሰው ምን ብሎ ደወል አንጠልጥሎ ይገባል?»

«ራሱን አላጠፋም በይኛ!» አሉ ሚስትየው። «ተመስገን! ተመስገን!»

መርማሪዋ ነገሩ አምሮላታልና አላቆመችም። «ፕሮፌሰሩ ለምሳ ሲወጡ ጋውናቸውን ከነደወሉ ይሰቅላሉ። አንድ ሰው ያኔ ደወሉን ቀየረው። መብራቱ መጥፋቱ እንዳይታወቅም ፕላስተሩን ልጦ ድዳው ላይ ለጠፈው። ፕላስተር ግን ሙጫውን ትቶ ነው የሚሄደው።» ጣቷን በሦስቱ ደወሎች ላይ አሳለፈች። ሦስተኛው ያዝ አደረጋት። የልጅቷ ነበር።

ቀና ስትል የእናትየው አፍ በምስጋናው እንደተከፈተ ቀርቷል። መርማሪዋ በብልህነቷ አፈረች። ለብቻቸው ልትነግራቸው ትችል ነበር።

«የራሴን ደወል ጥዬው ተሰበረብኝ» አለች ልጅቷ። «በፊትም ስጥል አባዬ ሰው ፊት ‹አንቺን ብሎ ተመራማሪ!› ብሎኛል። ዳግመኛ ከሚሰድበኝ ብዬ... ከምሳ በኋላ ቢሮ ነው የሚውለው ብዬ... ማታ ልመልሰው ነበር። አፍሬ ነው እማዬ። አፍሬ ነው።»

እናትየው ተነሡ። በጥፊ ሊሏት ነው ብሎ ሁሉም ጠበቀ። እሳቸው ግን ሻርፓቸውን ከአንገታቸው አውርደው የልጃቸውን ፊት ሸፈኑት።

«አትዩብኝ» አሉ። «እባካችሁ፣ አትዩብኝ።»

የሚያይ ግን አልነበረም። መርማሪዋም ጭምር፣ ሁሉም አቀርቅረው ነበር።