ከውሃው በኩል የጠራኝ የጋሼ ይልማ ድምፅ

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲወራ ከሚስቁት ወገን ነበርኩ፣ እዚህ ኦክላንድ ቤተ ክርስቲያን አጠገቤ የምትቀመጥ ሴትዮ «አፓርታማዬ ውስጥ ሰው የሌለበት የእግር ኮቴ እሰማለሁ» ስትለኝ «እሱ ከላይሽ ያሉት ተከራዮች ናቸው፣ ለማኔጀሩ ኮል አድርጊለት» ብዬ የመለስኩላት ሰው ነኝ። ስለዚህ ይሄን ስትሰሙ «ይቺን ደግሞ ምን ነካት» ብትሉኝ አልቀየማችሁም፣ እኔም እንደዛ ነበር የምለው። ብቻ አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ያን ቀን አንድ ጠብታ መጠጥ አልቀመስኩም ነበር፣ ቅምሻው ከፈረስ ግልቢያው በኋላ ነው፣ እመኑኝ፣ ይሄን የምለው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እሱን ስለሆነ ነው።

ጋሼ ይልማ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፣ በንጉሡ ጊዜ ለትምህርት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ኮሌጅ ውስጥ ሒሳብ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ኦክላንድ ባለው ቤታቸው ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው። ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ ኤርፖርት የተቀበሉኝ እሳቸው ናቸው፣ ሁለት ዓመት ቤታቸው አኑረውኛል፣ መኪና መንዳት አስተምረውኛል፣ ዛሬ ዳውንታውን የምሠራበትን የጥርስ ክሊኒክ ማመልከቻ እንኳ አጠገቤ ቁጭ ብለው ነው ያስሞሉኝ። ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያ ቢጠጋም ሰውነታቸው ጠንካራ ነው፣ ችግሩ መርሳት ጀምረዋል። ምድጃ ሳያጠፉ ይወጣሉ፣ አንድ ቀን ደግሞ እኔ ጋ ሳን ሊያንድሮ ለመምጣት፣ የአሥራ አምስት ደቂቃ መንገድ ማለት ነው፣ ተነስተው የደወሉልኝ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ርቃ ካለችው ከሳክራሜንቶ ነው። «ብሌን፣ አይ ቲንክ መንገዱን ቀይረውታል» አሉኝ፣ እኔም ስልኩን ይዤ ሳቅኩ፣ ከዛ አለቀስኩ።

ልጃቸው ሳራ ሳን ሆዜ ነው የምትኖረው፣ እዚሁ የተወለደች ስለሆነች አማርኛ ትሰማለች፣ መልሷ ግን ሁሌም በእንግሊዝኛ ነው። ሳራ ቤቷ አጠገብ ባለ የአረጋውያን መኖሪያ ክፍል ያዘችላቸው፣ ፎርሙን ፈረመች፣ የኦክላንዱን ቤት የሚሸጥ ሪልተር፣ የቤት ደላላ ማለት ነው፣ ቀጠረች፣ ከዚህ ሁሉ ጋሼ የሚያውቁት አንድም ነገር አልነበረም። «እኔ ከነገርኩት ይጮህብኛል፣ አንቺን ግን ይሰማሻል፣ ፕሊስ» ስትለኝ እሺ አልኩ። እሺ ካልኩበት ቀን ጀምሮ ምግብ አልበላ አለኝ፣ በየእሑዱ እሄዳለሁ፣ አፌን እከፍታለሁ፣ ከዛ ስለ አየሩ አውርቼ እመለሳለሁ።

የፈረሱን ነገር ያመጣችው ራሷ ሳራ ናት። ድልድዩን ተሻግሮ፣ ከተራራው ማዶ፣ በሃፍ ሙን ቤይ በኩል ለቱሪስት የተዘጋጀ ግልቢያ አለ፣ መሪ ይዛችሁ በባሕሩ ዳር ትጋልባላችሁ፣ ስትመለሱ በረቱ አጠገብ ባለ የእንጨት ቤት እዚያው አካባቢ የተሠራ ጂንና ውስኪ በትንንሽ ብርጭቆ ያስቀምሷችኋል። ጋሼ በወጣትነታቸው የታወቁ ፈረሰኛ ነበሩ፣ ስለዚህ ደስ ይላቸዋል፣ ሁለት ብርጭቆ ይቀምሳሉ፣ ያኔ እነግራቸዋለሁ፣ ዕቅዱ ይሄ ነበር። ጋሼ የማስታወቂያው ወረቀት ላይ «ስፒሪትስ ቴስቲንግ» የሚለውን፣ በእንግሊዝኛው ስፒሪትስ መጠጥም መናፍስትም ማለት ነው፣ ሲያነቡ መነጽራቸውን አውልቀው «ሊሰን ብሌን፣ መናፍስት ሊያቀምሱን ነው!» ብለው ሳቁ። ያኔ እኔም ስቄያለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሄድን። ኦክላንድ ፀሐይ ነበር፣ ተራራውን ስንወርድ ግን ባሕሩ ላይ ጉም እንደ ግድግዳ ቆሞ ጠበቀን። ሳራ ፈረስ ስለምትፈራ ላፕቶፗን ይዛ ቅምሻው ቤት ቀረች። የወጣነው አምስት ነን፦ መሪያችን ዳና የምትባል ዝምተኛ ሴት፣ ከእሷ ቀጥሎ ጋሼ በነጭ ፈረስ፣ ከጀርመን የመጡ ባልና ሚስት፣ መጨረሻ ላይ እኔ፣ ዳማ ቀለም ባላት አሮጊት ባዝራ ላይ። ዳና ከመነሳታችን በፊት አንድ ነገር ብቻ ደጋግማ አለች፣ የፊተኛችሁን ፈረስ ጭራ ተከተሉ፣ ባሕሩ በቀኛችሁ ነው፣ ወደ ቀኝ አትውጡ።

መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነበር። ጋሼ ኮርቻ ላይ ሲወጡ ሃያ ዓመት የጣሉ ይመስላሉ፣ ጀርባቸው ቀጥ አለ፣ ዳና እንኳ ገርሟት ዞር ዞር እያለች ታያቸው ነበር። ከዛ ጉሙ ወረደብን። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ዳናና ጋሼ ጠፉ፣ ቀጥሎ ጀርመናዊው፣ በመጨረሻ የሚስትየው ቀይ ጃኬት ደብዘዝ ደብዘዝ ብሎ ጠፋ፣ እኔ የራሴን ፈረስ ጆሮና የማዕበሉን ድምፅ ብቻ ይዤ ቀረሁ። ፈረሷ መንገዱን ታውቃለች ብዬ ራሴን አረጋጋሁ። እጄ ግን ልጓሙን ጨብጦ ደንዝዟል።

ትንሽ እንደሄድን የፈረሷ ቀኝ ጆሮ ወደ ባሕሩ ዞረ፣ ግራው እንዳለ ነው፣ ቀኙ ብቻ። ቀጥሎ የኮርቻ ቆዳ ሲጥ፣ ሲጥ ሲል ሰማሁ፣ የኔ መስሎኝ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ፣ አልቆመም። ከዛ አንድ ሳል ሰማሁ፣ አጭር ደረቅ ሳል፣ ጋሼ ይልማ ንግግር ከመጀመራቸው በፊት የሚስሏትን፣ አርባ ዓመት ተማሪ ፊት የሳሏትን ሳል የማላውቅ ይመስላችኋል?

«በረደሽ?» አሉኝ በቀኜ በኩል።

እንዴት እፎይ እንዳልኩ! ዞር ስል የነጭ ፈረስ ማጅራትና ልጓም የያዘ እጅ ጉሙ ውስጥ ታየኝ፣ ከዛ በላይ ጉም ነው።

«ትንሽ በርዶኛል፣ ጋሼ፣ መቼ ወደ ኋላ ቀሩ? ፊት ነበሩ እኮ።»

«አንቺን ልጠብቅ ብዬ።»

ጎን ለጎን ሄድን። ደስ ይላል፣ አንድም ሰው አያየንም፣ የማዕበሉ ድምፅም ራቅ ብሎ ነበር።

«ልትነግሪኝ ፈልገሽ ያቃተሽ ነገር አለ» አሉኝ። «አሁን ንገሪኝ።»

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ሁሉንም አወጣሁት። የሳን ሆዜውን ክፍል፣ የተፈረመውን ፎርም፣ ሪልተሩን፣ ሳራን እንዳይቀየሟት፣ እኔም ስፈራ ከርሜ እንዳልነገርኳቸው፣ እያለቀስኩ ነው የማወራው፣ አፍንጫዬን በእጅጌዬ እጠርጋለሁ፣ መንገድ የማየው ነገር የለም።

«ተቀየሙኝ?» አልኩ ስጨርስ።

«አልተቀየምኩም። ግን ድምፅሽ እየራቀብኝ ነው፣ ወደዚህ ቀረብ በይ። በዚህ በኩል አሸዋው ጠንካራ ነው።»

ልጓሙን ወደ ቀኝ ሳብኩ። ፈረሷ አንገቷን አጠንክራ እምቢ አለች፣ በተረከዜ ጎነጥኳት፣ ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች፣ ደግሜ ጎነጥኳት።

«ትንሽ ቀረብ በይ» አሉኝ፣ ድምፃቸው ለስለስ ያለ ነው፣ አይቸኩልም። «ትንሽ ነው የቀረሽ።»

እግሬ ላይ ቅዝቃዜ ተሰማኝ። ጫማዬ ውስጥ ውሃ ገብቷል። ወደ ታች ሳይ አሸዋ የለም፣ ፈረሷ እስከ ሆዷ ውሃ ውስጥ ቆማ ትንቀጠቀጣለች፣ ኮርቻው ከሥሬ አብሮ ይርገፈገፋል። በዛች ቅጽበት ከኋላዬ፣ ከግራ፣ በጣም ሩቅ ከሆነ ቦታ ፊሽካ ተነፋ፣ ቀጥሎ የጋሼ ይልማ ድምፅ መጣ፣ እየጮሁ፣ ተቆጥተው።

«ብሌን! ዌር አር ዩ? ካም ባክ! በዚህ ነው እኮ መንገዱ!»

ያኔ ነው የገባኝ። ያ አጠገቤ የነበረው አንድም የእንግሊዝኛ ቃል አልወጣውም። ጋሼን በአሥር ዓመት ውስጥ ሁለት ዓረፍተ ነገር ያለ እንግሊዝኛ ሲያወሩ ሰምቻቸው አላውቅም። ወደ ቀኝ ዞርኩ፣ ጉም ነው፣ ማዕበል ነው፣ ሌላ ነገር የለም፣ የኮርቻው ሲጥታም ቆሟል።

ዳና ጉሙን ሰንጥቃ መጣችና ልጓሜን ከእጄ ነጥቃ አወጣችን። ጉሙ ሳሳ ሲል ዞሬ አየሁት፣ ከዳና ፈረስ ሌላ አሸዋው ላይ ወደ ባሕሩ የሚታጠፈው የአንድ ፈረስ፣ የኔዋ፣ ኮቴ ብቻ ነው።

በረቱ ጋ ስንወርድ ዳና ኮርቻውን እየፈታች፣ ቀና ሳትል፣ «ወደ ቀኝ ለምን ዞርሽ?» አለችኝ።

«ሰው ጠርቶኝ ነው» አልኳት። ትስቃለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

«በምን ቋንቋ?» አለችኝ።

«በራሴ።»

ራሷን ነቀነቀች፣ ኮርቻውን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ገባች። በኋላ ጋሼ ከእሷ ተለይተው እንደሆነ ስጠይቃት «ከጎኔ ንቅንቅ አላለም» አለችኝ። «በቋንቋችሁ ሲያወራ ነበር፣ ለፈረሱ የሚያወራ መስሎኝ ተውኩት። እያቆመ ያዳምጥ ነበር።»

ቅምሻው ቤት ሳራ ብርድ ልብስ አለበሰችኝ፣ አስቀማሹ ሰውዬ ጂኑን ቀዳ፣ ስለ ቅጠሉና ስለ ፍሬው ማብራራት ጀመረ፣ ጀርመናውያኑ ይስቃሉ። ጋሼ ብርጭቋቸውን አልነኩም። እኔን ያዩኛል። ከዛ ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ፦

«ቤቱን እሺ፣ ሳን ሆዜ እሄዳለሁ፣ ኢትስ ኦኬ። እንዲህ ስታለቅሺ መስማት ነው የከበደኝ» አሉኝ።

«ማን ነገረዎት ጋሼ?»

«አንቺ ነሻ! አጠገቤ ሆነሽ እኮ ነው ያወራሽኝ፣ ዲድ ዩ ፎርጌት? ወይስ መርሳቱ ከኔ ተላለፈብሽ?» ብለው ፈገግ አሉ፣ ከዛ ፈገግታው ጠፋ። «ያ ሁለተኛው ነገር ግን… እርግጠኛ ነሽ?»

«የቱ ሁለተኛ ነገር?»

ፊቴን አዩት፣ ረጅም ጊዜ፣ እንደ አስተማሪ፣ ተማሪው ይዋሽ አይዋሽ እንደሚመረምር። የፊታቸው ደም ሲሸሽ በዓይኔ አየሁ። ብርጭቆውን አንስተው በአንድ ትንፋሽ ጨለጡትና «ኔቨር ማይንድ» አሉ። ለመንኳቸው፣ እጃቸውን ይዤ ለመንኳቸው፣ «አንቺ ካላልሽው ማወቅ የለብሽም» ብለው ወደ መኪናው ሄዱ።

ጋሼ ሳን ሆዜ ከገቡ አራት ወር ሆናቸው። አልጮኹም፣ አልተጣሉም፣ ሳራ «እንዴት አድርገሽ ነው የነገርሽው?» እያለች እስከ ዛሬ ታመሰግነኛለች፣ ጋሼ አጠገባቸው ስለሰሙት ድምፅ ስነግራት ደግሞ በሽታው ነው ትላለች፣ ሐኪሙም የሌለ ሰው ማነጋገር አንዳንዴ ያጋጥማል ብሏል። ይሁን፣ የእሳቸው በሽታው ነው እንበል። እኔስ? እኔ ምን ሆኜ ነው? የጫማዬ ውሃስ? ደግሞ ጋሼ ብዙ ነገር ረስተዋል፣ የሪልተሩን ስም፣ የድሮ ቤታቸውን ስልክ፣ አንዳንዴ የሳራን ልደት። ያን ቀን ግን አልረሱም፣ ሳን ሆዜ ስሄድ በር ላይ ሲቀበሉኝ መጀመሪያ ክንዴን ይዳስሳሉ፣ መኖሬን የሚያረጋግጡ ይመስል፣ ከዛ ነው የሚስሙኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ከሥራ ልወጣ ስል ስልኬ ጠራ፣ ጋሼ ናቸው። ሰላምታም የለም።

«ዛሬ በምን ነው ወደ ቤት የምትሄጂው?»

«በባርት፣ በባቡሩ ነው ጋሼ፣ መኪናዬ ጋራዥ ገብታለች። ምነው?»

ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ከዛ «ጉድ» አሉና ዘጉት።

በእንግሊዝኛው «ጥሩ» ማለታቸው ይሁን በአማርኛው «ጉድ» ማለታቸው አላወቅኩም። መልሼ ስደውል አላነሱም፣ ሳራ ጋ ስደውል ተኝተዋል አለችኝ። ጣቢያው ውስጥ ያን ሁለተኛ ነገር እያሰብኩ ሕዝቡ መሐል ቆሜ ነበር፣ የኔ ባቡር መጣ፣ በሩ ተከፈተ፣ ሰው ሁሉ ገባ፣ እኔ አልገባሁም። ቀጣዩም መጣ።