የተዋሰችው ወገብ

«ጎንበስ በይ። እጆችሽን አጋጥመሽ ወደ መሬት።»

ልጅቷ ጎንበስ አለች። ከዚያ ትዝ ሲላት «አይ!» አለች፤ ትንሽ ዘግይታ።

ወገቧን የምትመረምረው ፊዚዮቴራፒስት እስካሁን ስትቀልድ ነበር፤ «ይሄ ሁሉ ቁመት ለማን ነው?» እያለች ስታስቃት። አሁን ከኋላዋ ቆማ ቀልዱን ተወች። ቀዝቃዛ ጣት ከአንገቷ ጀምሮ አከርካሪዋን ተከትሎ ወረደ። ተመልሶ ወጣ። እንደገና ወረደ።

«ቀና በይ። አሁን ደግመሽ ጎንበስ በይ።»

ደገመች።

«እናት፣ እስቲ አንዴ ወደዚህ ይምጡ።»

የልጅቷ ፊት ወደ መሬት ነው። የሚታያት የእናቷ ጫማ ብቻ ነው። ጫማው መጣ፣ ቆመ። ከዚያ ወደ ኋላ ሸሸት አለ።

«ይሄ… ይሄ ምንድነው?» አለች እናቷ።

ምንም መሆን አልነበረበትም። ችግሩ እሱ ነው።

ነገሩ የስፖርት ፈተና ነበር። ከፍታ ዝላይ፤ ያውም ክፍሉ በሙሉ ተሰልፎ እያየ። ባለፈው ሴሚስተር እንጨቱን በአገጯ ይዛው ወድቃ «ቀጭኔ» የሚል ስም ተለጥፎባት ቀርቷል። በዚህኛው አይደገምም። «ወገቤን አሞኛል» ስትለው መምህሩ «ከሐኪም ወረቀት አምጪ» አለ። ስለዚህ መታመም ነበረባት። ያውም በደንብ።

ለዚህ ደግሞ አስጠኚው ቤት ውስጥ አለላት። አባቷ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ የወገቡ ዲስክ ተንሸራቷል። እንዴት እንደሚያነክስ ታውቃለች። ምን እንደሚልም ታውቃለች፤ «ከወገቤ ይነሳና በታፋዬ አልፎ እስከ ውስጥ እግሬ ይነዝረኛል» ነው የሚለው። ቃል በቃል ወሰደችው። ቤት ውስጥ እያነከሰች ከረመች። እናቷ መጀመሪያ «ሂጂ ወዲያ፣ አታሹፊ» አለቻት። እያደር ግን ፊቷ ተለወጠ። «የአባትሽ ዕጣ ደረሰሽ እንዴ የኔ ልጅ?» ብላ እጇን ይዛ መጣች።

ልጅቷ በሆዷ ስትኩራራ ነበር። ተዋናይ ናት እኮ! አሁን ግን ጀርባዋ ላይ የሚያፈጡት ምን አይተው ነው? ጀርባዋን ማንም አላስጠናትም።

ራጅ ተነሳች። ከዚያ የአጥንት ሐኪሙ ክፍል አስገቧቸው። ሐኪሙ ሽማግሌ ነው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን ይፈልጋል። አገኘው። ራጁን መብራቱ ላይ ሰካው።

ጥቁሩ ላይ ነጭ አጥንት ታየ። አከርካሪው ከአንገት ቀጥ ብሎ ጀምሮ መሀል ላይ ወደ ጎን ይለጠጣል፤ ታች ሲደርስ ይመለሳል። እንደ እባብ።

«ይሄ የማን ነው?» አለች።

«ያንቺ ነዋ።»

«አይደለም። ተሳስታችኋል።»

«ሁሉም መጀመሪያ እንደሱ ይላል» አለ ሐኪሙ። «አከርካሪሽ ወደ ቀኝ ጎብጧል፤ ትንሽም ዞሯል። ስትጎነበሺ የቀኝ ጎድንሽ ከግራው ከፍ የሚለው ለዚህ ነው።»

«ቦርሳው ነው!» እናቷ ጭኗን መታች። «ያ ድንጋይ የሚያክል ቦርሳ! እኔ ነኝ፣ እያየሁ ዝም ያልኩት…»

«ቦርሳ አከርካሪ አያጎብጥም፣ እናት። አቀማመጥም አይደለም። በዚህ ዕድሜ ቁመት ሲመዘዝ ይመጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ አይታወቅም። የማንም ጥፋት አይደለም።»

ልጅቷ ወንበሩን ያዘች። መዋሸቷን ታውቃለች። ታዲያ እውነተኛው በሽታ መቼ ገባ? ማን ፈቅዶለት?

ሐኪሙ አልጋው ላይ አስተኛት። ጉልበቷን በትንሿ መዶሻ መታ፤ እግሯ ተስፈነጠረ። እግሯን ቀጥ አድርጎ አነሳ። «አይ!» አለች። ሐኪሙ ቅንድቡን ሰበሰበ።

«መዶሻዬ ሌላ ይላል፣ አንቺ ሌላ ትያለሽ» አለ። «ግን እኔ የማምነው ታማሚውን ነው። ዋሸሽ ብዬ ብሰድሽና ብሳሳትስ?»

ልጅቷ ተነስታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«መጉበጡ ብቻ ቢሆን አላስደነግጣችሁም ነበር» አለ ወደ እናቷ ዞሮ። «ጀርባዋን የሚይዝ ደረቅ ደጋፊ እናስርላትና ማደጓን እስክትጨርስ እንከታተላታለን። እኔን ያሳሰበኝ እግሯ ነው። መጉበጥና እግር ላይ የሚወርድ ንዝረት አንድ ላይ ሲመጡ፣ ነርቩን የሚጫን ነገር ሊኖር ይችላል።»

«ምን ዓይነት ነገር?»

ሐኪሙ ስልኩን አነሳ።

«ዛሬውኑ ኤምአርአይ ትነሳ። ትልቁ ሆስፒታል ደውዬ አልጋ አስይዛለሁ። ቀዶ ጥገና ካስፈለገም እዚያው ያዩታል።»

እናቷ ስልኳን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። በሩ አልተዘጋም። «ተመለስ» ስትል ተሰማ። «ጭነቱን ተወው! መኪናውን የትም አቁምና ተመለስ። ልጅህ…» ከዚያ ድምፅዋ ተቆረጠ።

የልጅቷ ስልክ ነዘረ። ጓደኛዋ ናት። «ቀጭኔ፣ ተሳካ? ወረቀቷ ተገኘች? በያ አቦ!»

ስልኩን ጨበጠችው፤ አጠፋችው።

ዝም ብትልስ? ኤምአርአዩ ምንም አያሳይም፣ «ተመስገን» ይባላል፣ ማንም አያውቅም። አሪፍ ነው። ግን መብራቱ ላይ የተሰካውን ራጅ ማንም እያየው አይደለም። ሁሉም የሚሯሯጠው ስለ እግሯ ነው። የአባቷን ወገብ ሊያክሙ ነው። የሷ እዚያ ጎብጦ ተሰቅሏል።

እናቷ ዓይኗን ጠርጋ ገባች። ሐኪሙ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ዞር አለ። «እየጠየቁኝ ነው፤ ንዝረቱ ከመቼ ጀመረ?»

«ወር ሊሆነው ነው፣ ዶክተር» አለች እናቷ።

«አልጀመረም።»

ሁለቱም አዩዋት።

«እግሬ አይነዝረኝም። ወገቤንም አያመኝም። የአባዬን ነው ያወራሁት… ከዝላዩ ለመቅረት።»

«መልሼ እደውላለሁ» አለ ሐኪሙ፤ ስልኩን ዘጋ።

የእናቷ እጅ ተነሳ። ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች። ጥፊው አልመጣም። ስትገልጥ እጁ አየር ላይ ቆሟል። እናቷ እሷን ታያለች፣ ራጁን ታያለች፣ እንደገና እሷን። የምትመታትና የምታቅፋት ልጅ አንድ ሆነችባት።

«አባትሽን እኮ…» አለች በመጨረሻ። «በዚያ ወገቡ እየበረረ ነው የሚመጣው።»

ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ፊቱን አሸ። «ያኛው ግን እውነት ነው» አለ ወደ መብራቱ እያመለከተ። «እሱን እናክመው።»

«እሺ» አለች ልጅቷ። እጇን ወደ እናቷ ዘረጋች።

«ስልክሽን ስጪኝ፣ እማዬ። ለአባዬ እኔ ልንገረው። ሁለቱንም።»