የሦስት ቁጥር ክፍል በር

አዛውንቱ አልዊን ስትራካን በዋራንዲል ሆስፒታል ሦስት ቁጥር ክፍል ውስጥ ሞተው ተገኙ። የተኙት ለቀላል የሳንባ ምች ነበር። አንድ ሰው በክንዳቸው በተሰካው ቱቦ ፖታሲየም ለቆባቸው ልባቸውን አቁሞታል።

መርማሪ ሃዘል ብራኒጋን አስከሬኑን ልታይ መጥታ በሩን ብትገፋው አልነቃነቅ አላት። በትከሻዋም ሞከረችው። አንጋፋዋ ነርስ ሜርል ደረሰችላት።

«እጀታውን ወደ ላይ ሳቢና ታቹን በጉልበትሽ ግፊው። ካለፈው ወር ጎርፍ ወዲህ አብጧል።»

«አናጢ የለም?»

«አናጢም የሚጠራው በስልክ አፕ ነው። ጥያቄው ተልኳል፤ ሥራውን የተቀበለ ግን የለም።»

ሥራ አስኪያጁ ክሊፎርድ ትሬሎር ገና ወንበር ሳይጋብዛት ጥፋተኛውን አስረከባት።

«ያ ጊዜያዊ ሐኪም ነው። ዛሬ ጠዋት ነው የመጣው። አንዲት ነርስ ሲገባ አይታዋለች፤ ምን ይጠበቃል?»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«እዚሁ ቢሮዬ።» ስልኩን ከፍ አድርጎ አሳያት። «ሆስፒታሉን የማስተዳድረው በዚህ ነው። ሐኪም ሲጎድል እጫናለሁ፣ ይመጣል። የበሽተኞች ክፍል ከረገጥኩማ ቆየሁ፤ ከጎርፉም በፊት ነው።»

ሰውየው ስለ ሐኪም ሲያወራ ፒዛ የሚያዝ ነበር የሚመስለው። ብራኒጋን ናቀችው፤ ንቀቷንም ለመደበቅ አልደከመችም።

ጊዜያዊው ሐኪም ካሱን ዊጄራትኔ ማረፊያ ክፍል ውስጥ ራሱን ይዞ ተቀምጧል።

«ሦስት ቁጥር የት እንደሆነ እንኳ አላውቅም» አላት። «ወደ ኮምፒውተሩ የምገባበት የይለፍ ቃል እስኪላክልኝ እዚሁ ተቀምጬ ነበር። ብቻዬን። ፈቃዴን ይነጥቁኛል፣ ያስሩኛል። ማን ይመሰክርልኛል? እዚህ የሚያውቀኝ ሰው የለም።»

ገዳዩን ያየችው ነርስ ፔትራ ናት፤ እሷም በዚያው አፕ ተጠርታ፣ በዚያው ጠዋት የደረሰች ናት።

«ሰማያዊ ልብስ፣ ኮፍያ፣ ማስክ። ሐኪም ነዋ።»

«ፊቱንስ?»

«በየሆስፒታሉ በየቀኑ አዲስ ሰው ነው የማየው። ፊት ማየት ትቻለሁ።»

«በሩን እንዴት ከፈተው?»

«እጀታውን ሳብ፣ በጉልበቱ ገፋ፣ ገባ። እኔ እኮ ከእሱ በፊት ስታገለው ቆይቼ ሜርልን ነው የጠራሁት።»

ብራኒጋን ወደ ሜርል ተመለሰች። «ከቋሚ ሠራተኞቹ እዚህ የቀረው ማን ነው?»

«እኔ ብቻ። ሌሎቹን አፑ በላቸው። ስትራካን ሲሞቱ እኔ ሴት ሳዋልድ ነበር፤ ባሏም አጠገቤ ነበር። እሳቸው የቦርዱ ሰብሳቢ ነበሩ፤ ነገ አፑን አስወጥተው የድሮውን ሐኪማችንን ሊመልሱ ነበር። ትሬሎርም አብሮ ሊሸኝ።»

ከሰዓት በኋላ ብራኒጋን አራቱንም ከሦስት ቁጥር በር ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ዶክተር፣ ክፈተውና እንግባ።»

ካሱን ገፋ። ደግሞ ገፋ። ላብ አጠመቀው።

«ትያትሩን ተወው» አለ ትሬሎር። «እንዲህ ያለ ሐኪም ነው የሚልኩልን። ዞር በል እስቲ።» እጀታውን ወደ ላይ ሳበ፣ ታቹን በጉልበቱ ገፋ፣ በሩም ተከፈተ።

ማንም አልገባም።

«ነርሷ ያየችው ይህንኑ ነው» አለች ብራኒጋን። «ገዳዩ የበሩን ጠባይ ያውቃል። ዛሬ ጠዋት የመጣ ሐኪም ሊያውቀው አይችልም። ሜርል ታውቃለች፤ እሷ ግን ሴት ስታዋልድ ነበር። እርስዎ ከጎርፉ በፊት ጀምሮ የበሽተኞች ክፍል አልረገጥኩም አሉኝ። በሩ ያበጠው ከጎርፉ በኋላ ነው። ማን አስተማረዎት?»

«በር መክፈት ወንጀል ሆነ እንዴ?»

«አልሆነም። ሰማያዊውን ልብስና ማስኩን ግን ባልደረባዬ አሁን ከቢሮዎ ቁም ሣጥን አውጥቷል። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። እርስዎ የትም መሄድ አላስፈለገዎትም፤ ቤትዎን በማያውቁዎት ሰዎች ሞሉት። ማንም የማንንም ፊት እንዳያይ አደረጉና ያንኑ ጭንብል አጠለቁት።»

ባልደረባዋ የትሬሎርን እጅ ሲያስር የትሬሎር ስልክ ጮኸ። ብራኒጋን ከእጁ ወስዳ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው፦ «ለሦስት ቁጥር ክፍል በር አናጢ ተገኝቷል። ነገ ይመጣል።»

ከዚያም ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተችለት። ሰውየውን ይዘውት ሲሄዱ ካሱን ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ሜርል ቀረብ ብላ ፊቱን በደንብ አየችው።

«ልጄ፣ ጠዋት ስትመጣ አልጠየቅንህም» አለችው። «ስምህ ማን ነው?»