የማገዶ ጨዋታ

የጠመንጃው ሰደፍ የመምህር ውባየሁን ትከሻ ሲመታ፣ ጠረጴዛው ላይ የነበረው የበቆሎ ፍሬ ወለሉ ላይ ተበተነ። መምህሩ ሳይንስ ሲያስተምሩ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው። ተማሪዎቹ ግድግዳው ላይ ተለጠፉ። መኪያም ከእነሱ ጋር ጥግ ያዘች።

አብዮት ጠባቂው ቢሻው ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ካርቶን አነሳ። ስድስት ቤቶች ተሥለውበታል፤ በየበሩ ስንጥቅና በየግድግዳው ቀዳዳ ላይ ቀይ ምልክት አለ።

«ይሄ የምን ካርታ ነው? በየት በየት ልትገቡ ነው ያሰባችሁት?»

መምህሩ ትከሻቸውን ይዘው ጨዋታ መሆኑን አስረዱ። በቆሎው ማገዶ ነው። ጠጠር ጥሎ ቀዳዳ ላይ ያረፈ፣ የቤቱ ሙቀት ስለሚያመልጥበት ሁለት ፍሬ ያጣል፤ ግድግዳውን የመረገ ያተርፋል። ክረምቱን ማገዶ ሳያልቅበት የወጣ ያሸንፋል። ሰው ቤቱን ቢመርግ የቦንጋ ጫካም ይተርፋል አሉ።

«ይትረፋ። ለሽፍታ መደበቂያ» አለ ቢሻው።

ማንበብ የተማረው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ያስተማሩትም እኚሁ መምህር ናቸው። ፊደሉን በጣቱ እየተከተለ አራተኛው ቤት ላይ ቆመ። «የሊቀመንበሩ ቤት» ይላል። ቀዩ ምልክት እዚያ ላይ ይበዛል።

«ይቺን ማን ጻፋት?»

መኪያ ነበረች። ትናንት መምህሩ ሳያዩ፣ ከጓደኛዋ ከትርሐስ ጋር እየተሳሳቁ ነው የጻፈችው። የቀበሌው ሊቀመንበር አዲስ ቤት ንፋስ እንደ ወንፊት ያሳልፋል ሲባል ሰምታ ነው።

መምህር ውባየሁ ጽሕፈቱን አዩት። ደብተሯን ስንት ጊዜ አርመዋል፤ የማን እጅ እንደሆነ አልጠፋቸውም።

«እኔ ነኝ» አሉ።

ሁለተኛው ምት አፋቸው ላይ አረፈ። በጉልበታቸው ወደቁ፤ ደማቸው በቆሎው ላይ ተንጠባጠበ።

ትርሐስ የመኪያን ቀሚስ ጨመደደች። «ዝም በይ፤ አባትሽን ይወስዱታል» አለቻት በጆሮዋ። እውነቷን ነው። ባለፈው ወር ከአባቷ ሱቅ ቀጥሎ ያለው ነጋዴ ተወስዶ እስካሁን አልተመለሰም።

ሰደፉ ለሦስተኛ ጊዜ ተነሣ።

መኪያ የትርሐስን ጣቶች አንድ በአንድ አላቀቀች። ወደ ጥቁር ሰሌዳው ሄዳ ጠመኔ አነሣች፤ «የሊቀመንበሩ ቤት» ብላም ካርቶኑ ላይ ባለው በዚያው የእጅ ጽሕፈቷ ጻፈች። ከዚያም ቢሻው በደንብ እንዲያየው ከሰሌዳው ፊት ዞር አለች።