ማማውን ማን አዞረው?

እኔ በጂኒም በቡዳም የማላምን ሰው ነኝ፣ «እዚህ ዛፍ ሥር ታየ» ሲባል እዚያው ሄጄ የምጋደም ነበርኩ፣ ስለዚህ ወዳጄ የምነግርህን ሰምተህ ብትስቅም አልቀየምህም፣ ግን እመነኝ ሆኗል።

መርከበኛ ለመሆን የቃል ፈተና ደርሶብኛል፣ ባሕር በዓይኔ አይቼ የማላውቅ የቆቦ ልጅ! ያሳደገኝ አጎቴ ሙሄ ደግሞ «ውሃ ዘመድ የለውም፣ አትሄዳትም» ብሎ ድርቅ ብሏል፣ ያለ እሱ ምርቃት እግሬ አይነሳም። የዚያን ቀን እሱ ዋጃ ገበያ ሲሄድ ማሽላውን ከወፍ እንድጠብቅ ማማው ላይ ሰቀለኝ። እኔም ወንጭፌን ይዤ ቃላቱን ማጥናት ጀመርኩ፣ ስታርቦርድ ቀኝ ነው፣ ፖርት ግራ ነው፣ ሚድሺፕ መሪውን መሀል ላይ መልስ ማለት ነው። መርከብ ላይ ካፒቴኑ ሲያዝ መሪ የያዘው ሰው ትእዛዙን ጮክ ብሎ ይደግማል፣ ካልደገመ አልሰማም ማለት ነው።

ወፉንም ላባርርበት ብዬ «ስታርቦርድ!» ስል ጮህኩ። ከማሽላው ውስጥ አንድ ድምፅ «ስታርቦርድ!» አለኝ። የገደል ማሚቶ እንዳልል ቦታው ሜዳ ነው፣ ድምፁም የጎልማሳ ድምፅ ነው፣ ጉንፋን የያዘው ይመስላል። ጎረቤት እያሾፈብኝ ነው ብዬ እየሳቅኩ ደጋገምኩት፣ እሱም ሳይሰለች ደጋገመልኝ፣ እግሬ ሥር እንጨቱ ሲጥ ሲጥ ይላል፣ ነፋስ ግን ሽው አላለም። ቀና ስል ፊት ለፊቴ የነበረው የዞብል ተራራ በግራዬ ሆኗል! «ሚድሺፕ!» አልኩ በድንጋጤ፣ ያም ተደገመ፣ ሲጥሲጥታውም ቆመ።

አጎቴ ሊመሽ ሲል ደረሰና «አንተ ልጅ፣ ማማውን ማን አዞረው?» አለ። መሰላሉ ሳይቀር ወደ ሮቢት ከተማ ዞሯል፣ የአራቱ ቋሚዎች ሥር ግን አፈሩ እንኳ አልተነካም። ነገርኩት፣ ይቆጣል ብዬ ስሸማቀቅ ከት ብሎ ሳቀ።

«ወላሂ፣ መሬት የተተከለውን እንዲህ ካዞርክ ውሃ ላይ ያለው አያቅትህም። ሂድ፣ አላህ ያቅናህ!»

ደስታዬን አትጠይቀኝ፣ እጁን ስሜ ወደ ቤት በረርኩ።

ትንሽ ራቅ እንዳልኩ ማማው ላይ ወጥቶ ወደ ማሽላው ሲጮህ ሰማሁት፣ «ልጄን በደህና መልስልኝ!»

ቆሜ አዳመጥኩ፣ ማንም አልደገመም። እጄን አፌ ላይ አድርጌ እኔው «ልጅህን በደህና መመለስ!» ብዬ ጮህኩለት።

«ይሁን!» አለ አጎቴ፣ «ሁለታችሁንም ሰምቻለሁ!»