በደቂቃ ስንት አረፋ

ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ስምንት ተኩል ላይ፣ በሳይንስ ክፍሉ የመጨረሻ ጠረጴዛ ላይ የነበረው ይህ ነው፦ አንድ ሊትር የሚይዝ ቢከር፣ ውሃው እስከ አፉ ድረስ፤ በውሃው ውስጥ ከመሀል ጣት ትንሽ የምትረዝም አረንጓዴ የውሃ ተክል፣ የተቆረጠው ጫፏ ወደ ላይ ዞሮ፤ ከቢከሩ አሥር ሳንቲ ሜትር ርቆ አንድ እግሩ የሚወዛወዝ የጠረጴዛ መብራት። የመስኮቱ መጋረጃ ተዘግቷል። አረፋ፦ ዜሮ።

«ስንት አልሽ?» አለች ቱርቦ።

«ዜሮ።»

«ደቂቃው አላለቀም ይሆናል።»

«አራተኛው ደቂቃ ነው።»

ዜሮ ያለችውን ልጅ የክፍል ልጆች «ቆጣሪ» ይሏታል። ከቤቷ በር እስከ ትምህርት ቤቱ በር አንድ ሺህ አራት መቶ አሥር እርምጃ መሆኑን አንድ ቀን አፏ አምልጧት ስለተናገረች ነው ስሙ የወጣላት። አልከፋትም። የጓደኛዋ ስም ደግሞ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ቱርቦ የትምህርት ቤቱ የስምንት መቶ ሜትር ሯጭ ናት፤ ስትበላም፣ ስታወራም፣ ፈተና ጨርሳ ስትወጣም ያው ሩጫ ነው።

የተሰጣቸው ሥራ ሲያዩት ቀላል ነበር። ተክል ብርሃን ሲያገኝ ውሃንና ካርቦን ዳይኦክሳይድን አዋህዶ ስኳር ይሠራል። የብርሃኑ ኃይል አይጠፋም፤ በስኳሩ ውስጥ ኬሚካላዊ ኃይል ሆኖ ይቀመጣል። ከሥራው የሚተርፈው ኦክስጅን ነው፤ ተክሉ ውሃ ውስጥ ከሆነ ትርፉ አረፋ ሆኖ ሲወጣ በዓይን ይታያል። ስለዚህ አረፋ መቁጠር ማለት ቅጠሉ ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ መቁጠር ነው። መብራቱን በአሥር፣ በሃያ፣ በሠላሳና በአርባ ሳንቲ ሜትር እያራቁ መቁጠር፣ መመዝገብ፣ ሐሙስ ማስረከብ። የሚታረመው ከሃያ ነው።

ለቆጣሪ ሃያው ያን ያህል አያስጨንቃትም። ለቱርቦ ግን ሌላ ነገር ነው። በአንድ ትምህርት ከግማሽ በታች ያመጣ ተማሪ ከስፖርት ቡድን ይወጣል፤ ቱርቦ ደግሞ ያለፈውን የሳይንስ ፈተና እንደ ልማዷ ሮጣ ጨርሳ ወድቃበታለች። ከዚህ ሥራ ቢያንስ አሥራ ሁለት ካላገኘች፣ በሚቀጥለው ሳምንት ውድድር በእሷ መስመር ላይ ሌላ ሰው ይሮጣል።

መብራቱን አቀረቡት። አራቁት። ተክሏን አውጥተው ጫፏን እንደገና ቆረጡ። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ደወል ተደወለ፤ ቆጣሪ ከቤት ያመጣችውን መብራት በቦርሳዋ ይዛ ተመለሰች።

ረቡዕ በእረፍት ሰዓት ቱርቦ አንድ ወረቀት እያውለበለበች መጣች። «ይኸው፣ ተገላገልን!»

ቆጣሪ አነበበችው። አሥር ሳንቲ ሜትር፦ አርባ። ሃያ፦ ሠላሳ። ሠላሳ፦ ሃያ። አርባ፦ አሥር። በማስመሪያ የተሰመረ፣ የሚያምር ሠንጠረዥ ነው።

«መቼ ቆጠርሽ?»

«ትናንት። ከልምምድ በኋላ ክፍሉ ክፍት ነበር።»

«በየትኛው መብራት?»

«በዚያው በሚወዛወዘው ነዋ!»

«መብራቱ ከሰኞ ጀምሮ እኔ ቤት ነው ያለው።»

ቱርቦ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ብዙ አልቆየም። «እሺ፣ ከጭንቅላቴ ነው። ግን ልክ ነው እኮ! መብራት ሲርቅ አረፋ ይቀንሳል፤ መጽሐፉ ራሱ ይለዋል። ታዲያ ምኑን ነው የዋሸሁት?»

«ቁጥሩን።»

«አቦ፣ ሙድ አትያዢብኝ!»

«ደግሞ ሁሉም በዜሮ ነው የሚጨርሰው። የትኛው ተክል ነው እንደዚህ ደህና አድርጎ የሚደምረው?»

«ታዲያ ምን እናድርግ? ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ብለን እንስጥ? ዜሮ አስረክቦ አሥራ ሁለት ያገኘ ሰው ታውቂያለሽ?» የቱርቦ ድምፅ ቀነሰ። «ላንቺ ቀላል ነው። አንቺን ከምንም የሚያስወጣሽ የለም።»

ይህኛው እውነት ነበር። ቆጣሪ ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፈችና ኪሷ ከተተችው።

«እስከ ነገ ጊዜ ስጪኝ።»

«ነገ እኮ ነው የምናስረክበው!»

«ክፍለ ጊዜው አርባ አምስት ደቂቃ ነው። ይበቃል።»

ይበቃል ያለችው ምን እንደምታደርግ አውቃ አልነበረም። ግን አንድ ነገር እርግጠኛ ነበረች፤ ዜሮ ያለምክንያት አይመጣም።

ከትምህርት ቤት እንደወጣች ወደ አጎቷ ሱቅ ሄደች። የእናቷ ታናሽ ወንድም ነው፤ የጌጥ አሳና የአሳ ገንዳ ይሸጣል። ተክሏንም ቆርጦ የሰጣት እሱ ነው። ሱቁ ጠባብ፣ ሙቅና እርጥብ ነው፤ ግድግዳው ሁሉ መስታወት፣ መስታወቱ ሁሉ ውሃ። በሦስተኛው ገንዳ ጥግ ላይ የተክሏ እህቶች መብራት ሥር ቆመዋል፤ ከአንዷ የተሰበረ ግንድ ጥቃቅን አረፋ እንደ ክር ዶቃ ተያይዞ ይወጣል።

ሰዓቷን አየች። ቆጠረች። በደቂቃ ሠላሳ አንድ።

«መጣሽ ደግሞ ልትቆጥሪብኝ?» አለ አጎቷ፣ እጁን እስከ ክርኑ ገንዳ ውስጥ ከቶ ጠጠር እያስተካከለ። «አሳዎቹን ባለፈው ቆጥረሽ ሁለት ጎድለዋል ብለሽ እንቅልፍ ነስተሽኛል።»

«ጎድለው ነበር እኮ።»

«ተሸጠው ነው፣ የኔ እመቤት!»

«አጎቴ፣ የሰጠኸኝ ተክል ከነዚህ ነው አይደል? የኔዋ ምንም አረፋ አታወጣም።»

«ከዚያው ግንድ ነው። ብርሃን አላት?»

«አሥር ሳንቲ ሜትር ላይ።»

«ውሃውስ የምን ውሃ ነው?»

ቆጣሪ ይህን ጥያቄ በኩራት ነው የመለሰችው። እናቷ የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ በቤታቸው ያልፈላ ውሃ አይጠጣም፣ ያልፈላ ውሃ ጥርስ እንኳ አይቦረሽበትም። «በጣም ንጹሕ ነው። አሥር ደቂቃ አፈላሁት፣ ከዚያ ጢም አድርጌ ጠርሙስ ሞልቼ፣ ክዳኑን ጠበቅ አድርጌ አቀዘቀዝኩት።»

አጎቷ እጁን ከገንዳው አወጣ። «አፈላሽው?»

«ምነው?»

«እኔ እዚያ ውሃ ውስጥ አሳ ብከት፣ ሩብ ሰዓት ሳይቆይ አፉን ከፍቶ ላይ ላይ ማለት ይጀምራል። ውሃ ሲፈላ ውስጡ ያለው አየር ጥሎት ይሄዳል። አንቺ ደግሞ ተመልሶ እንዳይገባ በሩን ዘጋሽበት።» እጁን በፎጣ እያደረቀ ሳቀ። «ምድጃው ነዷል፣ ድስቱ ባዶ ነው። ታዲያ ተክሏ ምኑን ታብስለው?»

ቆጣሪ ጆሮዎቿ ሲግሉ ተሰማት። አየሩ ከሄደ ካርቦን ዳይኦክሳይዱም አብሮ ሄዷል። ሦስት ቀን ሙሉ ተክሏን ጠርጥራለች፤ መብራቱን ጠርጥራለች፤ መጋረጃውን ሳይቀር ጠርጥራለች። ውሃውን ያፈላችውን ልጅ ግን አንድም ጊዜ አልጠረጠረችም።

ሐሙስ ጠዋት የቧንቧ ውሃ በጆግ ቀድታ፣ ክዳን ሳታደርግበት በመማሪያ ክፍላቸው መስኮት ደፍ ላይ አስቀመጠች። ስምንት ሰዓት ላይ የሳይንስ ክፍሉ ሲከፈት ቱርቦ ቀድማ ተቀምጣ ጥፍሯን ትነክሳለች።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ቆጣሪ፣ ገና ቦርሳዋን ሳታወርድ። «ውሃውን አፍልቼ አየሩን አስወጥቼበታለሁ። ተክሏ ሥራ ፈታ የተቀመጠችው በኔ ምክንያት ነው።»

ቱርቦ አፍጥጣ አየቻት። «አንቺ? አንቺ ተሳሳትሽ?»

«አዎ።»

«ቆይ፣ ይሄን ለማን ነው የምነግረው?»

«መጀመሪያ ይህን ያዢ።» ስትሮ ሰጠቻት። «ከትንፋሽሽ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው የሚያስፈልገን። ውሃው ውስጥ ንፊ። አምስት ደቂቃ።»

«ለምን እኔ?»

«ስምንት መቶ ሜትር የሚሮጥ ሳንባ ያለሽ አንቺ ነሽ።»

ቱርቦ ነፋች። ውሃው ተንደቀደቀ፤ የጎረቤት ጠረጴዛ ልጆች «ቡና አፈላሽልን እንዴ!» እያሉ ሳቁባት፤ እሷም ጉንጯ እንደተነፋ መልስ መስጠት ስላልቻለች ክርኗን አሳየቻቸው። ቆጣሪ ተክሏን ከተተች፤ መጋረጃውን ዘጋች፤ መብራቱን በማስመሪያ ለካች። እግሩ አሁንም ይወዛወዛል። ኪሷን ዳበሰች፤ አራት ቦታ የታጠፈው ወረቀት እዚያው ነው። አወጣችውና ለቱርቦ ዘረጋችላት።

ቱርቦ የራሷን ቆንጆ ሠንጠረዥ ለአፍታ ያዘችው። ከዚያ አንድ ጊዜ ደገመችና አጠፈችው፤ ከመብራቱ አጭር እግር ሥር ሸጎጠችው። መብራቱ ቀጥ ብሎ ቆመ።

አሥር ደቂቃ ጠበቁ። ለቱርቦ አሥር ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ ከአሥር ኪሎ ሜትር ሩጫ ይብሳል። በዘጠነኛው ደቂቃ ከተቆረጠው ጫፍ ላይ የመርፌ ራስ የምታክል ነገር አበጠች፤ ተላቀቀች፤ ወጣች።

«አየሽ?» አለች ቱርቦ በሹክሹክታ። «አየሽ፣ አየሽ?»

«አትንኪው። ቁጠሪ።»

ሦስት ጊዜ፣ ሦስት ደቂቃ ቆጥረው አማካዩን ወሰዱ። በአሥር ሳንቲ ሜትር ሃያ አራት። መብራቱን ወደ ሃያ አራቁ፤ ተክሏ እስክትለምደው አምስት ደቂቃ ሰጧት፤ ቆጠሩ። አሥራ አንድ። መብራቱን ወደ ሠላሳ ሲያንቀሳቅሱ መምህሯ «አምስት ደቂቃ ቀርቷችኋል፣ ወረቀት አዘጋጁ» አሉ።

ቱርቦ እስክሪብቶ ይዛ ቆመች። «ሠላሳው ስምንት ገደማ ነው የሚሆነው። አርባው አራት። ልጻፈው? በጣም ይቀራረባል እኮ።»

ቆጣሪ ሁለቱን ባዶ መስመሮች አየች። አሥራ ሁለቱንም አሰበች፤ በቱርቦ መስመር የሚሮጠውን ሌላ ሰውም። የሰኞውን ሠንጠረዥ፣ አራቱንም ዜሮ፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ስትጽፍ ቆይታ ነበር፤ ከሥሩ «ውሃው ፈልቶ ነበር፤ ያፈላሁት እኔ ነኝ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ጨረሰች።

«ሁለተኛው ገጽ ያንቺ ነው» አለች። «እስክሪብቶውም እጅሽ ላይ ነው።»

ቱርቦ ተነፈሰች። ያ ሁሉ አየር ተነፍቶ ገና የሚወጣ ነበረ። ከዚያ ቶሎ ቶሎ፣ እንደ ልማዷ በተንጋደደ ጽሑፍ፣ ሁለት ጊዜ ጻፈች፦ አልተለካም። አልተለካም።

መምህሯ ሁለቱንም ገጽ ቆመው አነበቡ። ተማሪው ሁሉ ወጥቷል።

«ይህን የመጀመሪያውን ባትጽፊው ማን ያውቅብሽ ነበር?» አሏት ቆጣሪን።

«ማንም፣ ቲቸር። ግን ሁለተኛው ገጽ ያለሱ ግማሽ ነው።»

መምህሯ ለሁለቱ ባዶ መስመሮች ስድስት፣ ለጽሑፉ አንድ ቀነሱና ከሃያ አሥራ ሦስት ጽፈው ወጡ።

«አሥራ ሦስት!» ቱርቦ ቦርሳዋን ወደ ላይ ወርውራ ቀለበች። «አንድ ትርፍ!»

ልምምዱ አሥር ሰዓት ላይ ነው፤ የግድግዳው ሰዓት ገና ዘጠኝ ይላል። ቱርቦ በሩ ጋ ደረሰች፤ ቆመች። መብራቱ አልጠፋም፤ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ላይ እንዳደረጉት ነው።

«ሠላሳው ይቀራል እኮ» አለች።

«ታርሟል። ነጥብ አይጨመርልንም።»

«ነጥብ አላልኩም። ስምንት ነው ብዬ ልጽፍ ነበር፤ መሆኑን አላውቅም።» ቦርሳዋን ወንበር ላይ ጥላ ከቢከሩ ፊት ተቀመጠች። «ሰዓትሽን ስጪኝ።»

ቆጣሪ ሰዓቷን ፈታ ሰጠቻት፤ መጋረጃው መዘጋቱን አየች፤ ከዚያ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ ሰው ሲቆጥር ዝም ብላ ተቀመጠች።

በሠላሳ ሳንቲ ሜትር፣ በደቂቃ፦ አምስት። በአርባ፦ ሦስት።