ትል ያለበት እንቁላል

የዶሮ እርባታው ሐኪም ማለዳ በመኖ መጋዘኑ ደጃፍ ተደፍቶ ተገኘ፤ ማጅራቱን በአካፋ ተመትቷል። አግኝታው የጮኸችው የዶሮዎቹ ተንከባካቢ ነበረች። ጣት የተቀሰረውም በእሷው ላይ ነው፤ መርማሪዋ ስትደርስ እጇ በካቴና ታስሯል።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። ወሬ በእሷ በኩል ሲያልፍ ገለባው መቅረቱ አይቀርም።

«ሟቹን መጨረሻ ያየው ማነው?»

«እኔ» አለ እንቁላል አከፋፋዩ፣ የእርባታው ባለቤት ታናሽ ወንድም። «እሷ ስላልነበረች ጎህ ሲቀድ የዶሮዎቹን መጠጫ ሞልቼ ስወጣ፣ ሐኪሙ እንደምን አደርክ ብሎኛል። ከዚያ ገበያ ነበርኩ፤ ያየኝ ሰው መዓት ነው። እሷ መጥታ ብቻቸውን ቀሩ። ትናንት ደግሞ ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ።»

«በትሉ ነው!» አለች ተንከባካቢዋ። «ኩሳቸው ላይ ወስፋት ታየ፤ ለምን ቶሎ አልነገርሽኝም ብሎ ተቆጣኝ።»

«ማታስ የት ነበርሽ?»

የእርባታው ባለቤት ቀድሞ መለሰ። «ሚስቴ ታማ እኔና እሷ ሆስፒታል ስናስታምም አደርን። ሲነጋ እሷን እዚህ በር ላይ አውርጄ ወደ ሚስቴ ተመለስኩ።» ተንከባካቢዋን ላለማየት አቀርቅሯል። አምኗት ኖሮ አሁን መጠርጠሩ ራሱን አሳፍሮታል።

መርማሪዋ ወደ ዶሮ ቤቱ ገባች። ላባቸው የተንጨባረረ ከሲታ ዶሮዎች ጫማዋን ከበው ይነቁሩ ጀመር። አንድ ባልዲ ውሃ አስመጥታ ብታስቀምጥ አንዱ በሌላው ላይ ወጣ። ጎንበስ ብላ በመጠጫዎቹ ዙሪያ የተነጠፈውን ገለባ በእጇ ዳሰሰች፤ የመጠጫዎቹንም ውስጥ በጣቷ ጠረገች።

ከዚያ ሁሉንም መጋዘኑ ፊት ሰበሰበች።

«ወስፋቱ ወደ ሰው ይተላለፋል?»

«የዶሮ ወስፋት በሰው አንጀት አይኖርም ብሎን ነበር ሐኪሙ» አለ ባለቤቱ። «መድኃኒቱ ግን እንቁላሉ ውስጥ ይገባል፤ ሰው እንዳይበላው ሽያጩ ለጊዜው ይቁም አለ። ሰሞኑን አንድ ምግብ ቤት እንቁላል ሲሰብሩ ትል ወጥቶበት ጉድ ተብሏል።»

«ወንድምህስ ምን አለ?»

«ማታ ሐኪሙ ራሱ ሊነግረው ነበር።»

«መድኃኒቱ የሚሰጠው እንዴት ነው?» ብላ ወደ ተንከባካቢዋ ዞረች።

«በውሃ ነው። ሐኪሙ ሁሌም ከዋዜማው ማታ የመጠጫውን ውሃ ይደፋዋል፤ ተጠምተው አድረው ጠዋት መድኃኒቱን ጥርግ አድርገው እንዲጠጡ።»

አከፋፋዩ ወደ ዶሮ ቤቱ ዞር ብሎ አየ።

«መድኃኒቱ ሳይከፈት ከሟቹ ኪስ ተገኝቷል» አለች መርማሪዋ። «ስለዚህ ዶሮዎቹን አስጠምቷል፣ ለማጠጣት ግን አልደረሰም። አንተ ደግሞ ጎህ ሲቀድ ሞላሁ አልክ።»

«ጠጥተው ጨርሰውት ነዋ!»

«ዶሮ ሲጠጣ ይረጫል። ገለባው ደረቅ ነው፤ መጠጫው ውስጥ አቧራ ተኝቷል። በማንኪያ ነው የጠጡት?»

መርማሪዋ ወደ አከፋፋዩ አንድ እርምጃ ተጠጋች።

«ውሃ አልሞላህም፤ ጎህ ሲቀድም እዚህ አልነበርክም። ታዲያ ማን ነው እንደምን አደርክ ያለህ? የማለዳውን ሰላምታ የፈጠርከው ሞቱ ወደ ጠዋት እንዲዞር ነው። ጠዋት አንተን ገበያተኛው ሁሉ አይቶሃል፤ እሷ ግን ብቻዋን ናት። የሞተው ማታ ከሆነ ግን እሷና ወንድምህ ሆስፒታል ናቸው። እዚህ ሐኪሙን ሊያገኝ የመጣ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

አከፋፋዩ ወንድሙን እንጂ መርማሪዋን አላየም።

«ምግብ ቤቶቹ አንዴ ከሄዱ አይመለሱም፣ ወንድሜ! ትንሽ ቀን ዝም በል ብዬ ለመንኩት። ልጆች የሚበሉት ነው ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ...»

ባለቤቱ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። የአንድ እናት ልጅ ነውና ሊሰድበውም አልቻለም።

ካቴናው ከተንከባካቢዋ እጅ ወልቆ ወደ አከፋፋዩ እጅ ዞረ። ለሥራው ያበቃት፣ እንደ ታላቅ ወንድም የሚቆጣት ሐኪም ከጠዋት ጀምሮ አንሶላ ለብሶ ተኝቷል። እሷ ግን ስለራሷ ስትሟገት ውላ አንድ ጠብታ እንባ አላፈሰሰችለትም።

መርማሪዋን ቀና ብላ አየቻት።

«እትዬ፣ አሁን ላልቅስለት?»